ላም ዓለምን ታሞቃለች ሲባል ወተት አርቢው ምን ይሰማል?

መነሻ ጽሑፍ

ወተት አርቢዎች ዘንድ ስለ አየር ንብረት ሲወራ ሁለት ነገር አብሮ ይሰማል። ዝናቡ መዛባቱን የሚክድ የለም። በልጉ ይቀራል፣ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባና በአንድ ሳምንት ያጥለቀልቃል፣ በጥቅምት የታጨደው ሣር ያልታሰበ ዝናብ መጥቶበት ድርቆሽ ሳይሆን ሜዳ ላይ ይሻግታል። በቦረና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ መቅረቱን፣ ከብቱም ማለቁን ያልሰማ የለም። ወሬው ዞሮ የላሟም እጅ አለበት ሲባል ግን ጆሮ ይዘጋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሰማዩን መለወጥ ከማንም በፊት ያየ ሰው ሳይንሱን የሚሸሸው ለምንድን ነው? በኔ እምነት ነገሩ የሚደርሰው ክስ ሆኖ ስለሆነ ነው። ስሌቱ ሙሉውን ቢቀርብለት መጀመሪያ የሚጠቀመው እሱ ነበር።

የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ለአንዲት የአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ ሚቴን (ላሟ ስታገሳ የምታወጣው፣ አየሩን የሚያሞቅ ጋዝ) ይመድባል። ሚቴን በ100 ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያሞቃል ብንል 46 በ28 ሲባዛ 1288 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይመጣል። በቀን ሊትር ተኩል እየሰጠች 7 ወር የምትታለብ የአገር ላም 315 ሊትር ትሰጣለች፤ ለአንድ ሊትር ወተት 4 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ድቅሏ (ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለችው) አብዝታ ስለምትበላ 75 ኪሎ ሚቴን ታወጣለች ብለን እንያዝ፤ 2100 ኪሎ ይሆናል። በቀን 10 ሊትር ለ10 ወር ብትታለብ 3000 ሊትር ነው፤ ለሊትር 700 ግራም። እንግዲህ ግሳቱን የሚቀንሰውና የወተት ዕቃውን የሚሞላው ሥራ አንድ ነው እላለሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

በዚህ የውይይት ክር (መልስ በመልስ የሚጻፍበት የመድረኩ ገጽ) እስካሁን የተሰጡትን መልሶች ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በየቁጥራቸው ፍሬ ነገራቸውን አስፍሬያለሁ።

1. የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ምስጋና አስቀድሞ አንድ የቆየ ስህተት አነሳ። ሰው ጋዙ በላሟ ኋላ የሚወጣ ስለሚመስለው ይስቃል፤ ወሬውም በሳቁ ያልቃል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ሚቴን የሚወጣው ግን በአፍ ነው፣ በግሳት። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሣሩንና ጭዱን ሲያብላሉ ሃይድሮጅን ይለቀቃል፤ ሌሎች ደግሞ ያንን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ያደርጉታል። ለአርቢው መነገር ያለበት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው አለ፦ ላሟ ከበላችው ጉልበት 6 በመቶ ገደማው በዚህ መንገድ ይጠፋል፤ መኖው ጠንካራ ገለባ ሲሆን ድርሻው ከፍ ይላል። በገንዘብ የተገዛ መኖ ነው አየር ላይ የሚበተነው።

2. ሁለተኛዋ ጸሐፊ በትሕትና ጀምራ ስሌቴን አፈረሰችው። የቆጠርኩት የምትታለበዋን ላም ብቻ ነው። የአገር ጊደር ብዙ ጊዜ 4 ዓመት ካልሞላት አትወልድም፤ ከወለደች በኋላም ሁለተኛውን ለመድገም ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ይወስድባታል። በዚያ ሁሉ ዓመት ትበላለች፣ ታገሳለች፣ ወተት ግን የለም። በደንብ የተመገበች ድቅል በ2 ዓመት ተኩል ወልዳ በየ13 እና 14 ወሩ ትደግማለች። ስለዚህ የአገሯ ላም ቁጥር ከ4 ኪሎ በብዙ ይበልጣል፤ የድቅሏም በ700 ግራም አይቆምም፤ ጊደሯ፣ የእበቱ ጋዝና መኖ ያመጣው መኪና ይታከልበታል። ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም ብላ ዘጋች። እርማቱን ተቀብያለሁ።

3. ሦስተኛው ጸሐፊ ከሁለታችንም አልተስማማም። የደጋ ገበሬ የአገር ላም የሚይዘው በዋናነት በሬ እንድትወልድለት ነው። ወተቱ ትርፍ ነው። በሬው ያርሳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ቀሪው ጓሮ ይገባል፤ የከፋ ቀን ሲመጣ ደግሞ ጥጃው ገበያ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሥራ ረስቶ ጋዙን በሙሉ በሊትር ወተት ላይ መጫን ገበሬውን ያለ ዕዳው ባለዕዳ ማድረግ ነው አለ። ስሌቱን የሚያውቁ ሰዎች ጋዙን ለወተት፣ ለሥጋ፣ ለጉልበት እያካፈሉ የሚያሰሉበት መንገድ አላቸው፤ ለሕዝብ የሚነገረው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ሳይካፈል ነው የሚወጣው። ክሩ ውስጥ ከተነሱት ነጥቦች ሁሉ ይህን ከባዱ አድርጌ እወስደዋለሁ።

4. አራተኛው በሁለት መስመር ብቻ ጠየቀ፤ 46 ኪሎውን ማን መዘነው፣ በየትኛዋ ላም?

5. አምስተኛዋ መልስ ሰጠችው። 46 የተመዘነ ሳይሆን መረጃ ለሌለው አገር የተቀመጠ የመነሻ ቁጥር ነው፤ በባለሙያው ቋንቋ ደረጃ 1 ይባላል። ደረጃ 2 የላሟን ክብደት፣ የወተቷን መጠንና የመኖውን የመፈጨት ዐቅም አስገብቶ ይሰላል። ለመመዘን ደግሞ ሦስት መንገድ አለ። ላሟን በተዘጋ ክፍል አስገብቶ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር መለካት፤ መጠኑ የታወቀ ጋዝ የሚለቅ ትንሽ ዕቃ ጨጓራዋ ውስጥ ከትቶ አፍንጫዋ አጠገብ በታሰረ ቀጭን ቱቦ አየሩን መሰብሰብ፤ ወይም መኖ ልትበላ አንገቷን በምታስገባበት ገንዳ ላይ ትንፋሿን መለካት። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ናይሮቢ ውስጥ ማዚንጊራ በሚባል ማዕከሉ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ስላሉት የአፍሪካ ከብት በአፍሪካ መኖ ይለካል። የፈረንጅ ላም ቁጥር ለኛ ተሰጠን የሚለው ቅሬታ ትናንት እውነት ነበር፣ ዛሬ ግን መልስ እያገኘ ነው አለች።

6. ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። ስድስተኛው ጸሐፊ ሁላችንንም ወቀሰ። ሰማዩን ያበላሸው መቶ ዓመት ከሰል ያቃጠለው አገር ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ላም አስሮ ልጅ የሚያስተምር ሰው ስለ ግሳት ስብከት የሚሰማበት ምክንያት አይታየኝም አለ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከአገሪቱ የጋዝ ልቀት ከ40 በመቶ በላዩን በከብት ላይ መጻፉን ጠቅሶ ይህን ራስን መክሰስ አለው። የካርቦን ገንዘብ (ጋዝ ለቀነሰ የሚከፈል) ይመጣል የሚሉትንም ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲል ዘጋቸው። መረረ እንጂ መሠረት የሌለው ቁጣ አይደለም።

7. ሰባተኛው አዛውንት መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል። ልጄ ብለው በለሰለሰ ቃል መለሱለት። 40 በመቶው ብዙ የሚመስለው ሌላው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ፋብሪካው ጥቂት፣ መብራቱ ከውኃ ኃይል። ያው ሰነድ የ2010ን ጠቅላላ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ነው የሚለው፤ ለሕዝቡ ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 2 ቶን አይሞላም፤ አንድ አሜሪካዊ በዚያው ዘመን ከ20 ቶን በላይ ይደርሰው ነበር። የተጻፈውም ላም ይቀንስ ለማለት ብቻ አይደለም፤ ለመኖ፣ ለዝርያና ለሕክምና ገንዘብ ለመጠየቂያ ጭምር ነው አሉ። ገንዘቡ መጣ ወይ የሚለውን ግን ለጠያቂው ተዉለት።

8. ስምንተኛው የውጭውን ወሬ ይዞ ገባ። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 በከብት ጋዝ ላይ ክፍያ ልትጥል ስትል አርቢዎች በትራክተር ፓርላማ ደጅ ወጡ፤ ሐሳቡ ቀረ። ከዚያ ዓመታት የፈጀ ድርድር ተደርጎም በ2024 መንግሥቱ ግብርናን ከልቀት ግብይቱ (ጋዝ የሚያወጣ ከሚከፍልበት ሥርዓት) ውጭ አደረገ። ዴንማርክ በተቃራኒው በዚያው ዓመት ግብሩን አጸደቀች፤ ከ2030 ጀምሮ በቶን 300 ክሮነር፣ በ2035 ደግሞ 750። 60 በመቶ ተቀናሽ ስላለው አርቢው በተግባር የሚከፍለው 120፣ ኋላም 300 ነው። ጸሐፊው የልዩነቱን ምክንያት ሲያስረዳ በዴንማርክ የገበሬዎቹ ማኅበር ከመንግሥትና ከተፈጥሮ ጥበቃ ወገን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንደፈረመ አስታወሰ። 6ኛውን ጸሐፊ በቀጥታ ጠርቶም በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ግብር እንደሌለ፣ ያልተጣለ ግብር እንደተጣለ አድርጎ ሰው ማስደንገጥ እንደማይገባ ነገረው።

9. ዘጠነኛዋ የብሪታንያን ነገር አነሳች። በኅዳር 2024 አርላ የተባለው የወተት ኩባንያ 30 እርሻዎች ላይ ቦቫየር የተባለ የመኖ ጭማሪ እንደሚሞክር ሲናገር ሰዎች ወተቱን እየገዙ መጸዳጃ ውስጥ ሲደፉ በቪዲዮ አሳዩ። ጭማሪው በአውሮፓ ኅብረት በ2022 የተፈቀደ ነው፤ ለአንድ ላም በቀን የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል፣ ሚቴኑን ከሩብ በላይ ይቀንሳል። የብሪታንያ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም ወተቱ እንደማያሰጋ አስታውቋል። ወተቱ ሲደፋ የተጎዳው አርቢው ሆነ። እኛ ዘንድ ይምጣ ለሚሉም መልስ አላት፤ ዱቄቱ ጨጓራ ውስጥ በሰዓታት ስለሚበተን በየቀኑ ከሚበላው መኖ ጋር እኩል መቀላቀል አለበት። በግጦሽ ለሚውል ከብት አይሆንም።

10. አሥረኛው ይህን ተከትሎ የኛኑ ታሪክ አወጣ፤ ርዝመቱ ተገቢ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ስለ አፍላቶክሲን (ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ) የተሰራጨውን ወሬ ማለቱ ነው። ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሲመረመሩ ሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ ከአውሮፓው ወሰን በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ በአብዛኛው ለመኖ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ነበር። ለሕዝብ የደረሰው ግን ወተት መርዝ አለው የሚለው ብቻ ሆነ፤ ፈላጊ ጠፋ፣ አርቢው ወተቱን ታቅፎ ቀረ። ፋጉሎውን እንዴት ይያዝ ብሎ በወቅቱ የነገረው ጥቂት ሰው ነው። ሳይንስ ሲባል አርቢው ፊቱን የሚያዞረው ያንን ስለሚያስታውስ ነው አለ።

ከዚያ ራሱ ያልተነገረውን ነገረ። ፋጉሎ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ይደረደራል። ትኩስ ሆኖ ከመጭመቂያው የወጣ ፋጉሎ ሳይቀዘቅዝ ማዳበሪያ ውስጥ ከታሰረ ያልበዋል፤ ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል። በክረምት ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ አይገዛም። ሲሰበር ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብናኝ ካሳየ ይጣላል፤ ማጠብም ሆነ መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። የኑጉን ድርሻ ቀንሶ በስንዴ ፍሩሽካና በሌላ ፋጉሎ ማካካስም ይቻላል።

11. አሥራ አንደኛው ስለ መርዝ ከተነሳ ውኃ ስለሚቀላቅሉ ነጋዴዎችም ይነሳ ብሎ ክሩን ወደ ላክቶሜትር (የወተት ጥግግት መለኪያ) ወሰደው። ንጹሕ ወተት ከ1.028 እስከ 1.032 ባለው መካከል ይነበባል፤ ውኃ ሲገባበት ይወርዳል፤ ቅባቱ ሲገፈፍ ግን ስለሚወጣ ሁለቱንም ያደረገ ሰው በላክቶሜትር አይያዝም።

12. አሥራ ሁለተኛዋ ጾምን አነሳች፤ ከርዕሱ የራቀ ቢመስልም ስለ አርቢው ኑሮ ከዚህ የቀረበ ነገር የለም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሲቀጥልም የሁዳዴ 55 ቀን ፈላጊ ይጠፋል፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ወተቱ ወደ ቅቤና አይብ ይሄዳል፤ ቅቤውም በዚያው ሰሞን ገዢ ስለሌለው ተነጥሮ ለፋሲካ ይቀመጣል። መላ ብላ ያቀረበችው ይህን ነው፦ ላም የምትወልደው በ283 ቀን ገደማ ስለሆነ በሰኔ መጨረሻ የተዳቀለች ላም በሚያዝያ መጀመሪያ ትወልዳለች። ከመውለዷ 60 ቀን በፊት መንጠፍ ስላለባት የምትነጥፍበት ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ ወተቷ የሚበረክተው ለፋሲካ ነው።

13. አሥራ ሦስተኛው ሒሳቡን አልነቀፈም፤ ሁለት እንቅፋት ግን አሳየ። በሰኔ መጨረሻ ኮርማ መፈለጓ ካልታየ 21 ቀን ይታለፋል፤ ሁለቴ ካለፈ ዕቅዱ ፈረሰ። ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ድርቆሹ ያለቀበት፣ አዲሱ ሣር ያልበቀለበት ጊዜ ነው፤ አብዝታ የምትታለብ ላም መኖ ባጣችበት ወር እንድትወልድ ማድረግ ሥጋዋን ማስጨረስ ይሆናል። ዕቅዱ የሚሠራው የመኖ ክምችት ላለው ነው። እዚህ ላይ አወያዩ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ አሳሰበ።

14. አሥራ አራተኛው ማሳሰቢያውን አክብሮ ስለ ጭድ ጻፈ፤ ግሳት የሚበዛው በደካማ መኖ ከሆነ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው ብሎ። ለ100 ኪሎ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ፍጹም እስኪሟሟ ይማሰላል። ጉድጓዱ በላስቲክ ይለበዳል፤ ጭዱ ስስ ሆኖ ይነጠፋል፣ ውኃው በመርጫ ይረጫል፣ ይረገጣል፣ ሌላ ንጣፍ ይጨመራል። መርገጡ ዋናው ነው፤ አየር የቀረበት ቦታ ሁሉ ይሻግታል። ከላይ በላስቲክ ተሸፍኖ አፈር ይጫንበታል፤ በሞቃት ቦታ 21 ቀን፣ በብርዳማ ደጋ አንድ ወር ይቆያል። ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅስ ሽታና የዳማ ቢጫ መልክ ካለው ተሳክቷል፤ ሽታ ከሌለው ወይም ነጭ ሻጋታ ከያዘ ላስቲኩ ቀዳዳ ነበረው። የዕለቱ ብቻ ከአንድ ጎን ወጥቶ ጥላ ላይ ተበትኖ ያድራል። ላሟ በሩብ ጀምራ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ትለምደዋለች። ከ3 እና 4 በመቶ የማይዘለው የጭዱ ፕሮቲን ወደ 7 እና 8 ይወጣል፤ ላሟም የምትበላው ይጨምራል።

15. አሥራ አምስተኛዋ በቁጣ ነው የመለሰችው፤ ቁጣዋም ጠቀመ። ዩሪያ ይገድላል ብሎ ሳይጻፍ እንዲህ ያለ ምክር መሰጠት የለበትም አለች። ያልተሟሟ ፍሬ የቀረበት ጭድ፣ ገንዳ ውስጥ የፈሰሰ ድፍርስ፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ ጥጃ የተሰጠ ጭድ ይገድላል። ምልክቱ ለሃጭ መዝረብረብ፣ መንቀጥቀጥና የሆድ መነፋት ነው፤ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ማጠጣት ቢረዳም ሐኪም ወዲያው ይጠራል። ደግሞም ዩሪያው ለእህሉም አልበቃ ባለበት ዓመት ለጭድ ከየት ይምጣ ብላ ጠየቀች። የተሻለው መንገድ አጃን ከቬች (የመኖ ጥራጥሬ) ጋር፣ ሦስት እጅ ከአንድ እጅ አድርጎ በክረምት መጀመሪያ መዝራት፣ የአጃው ፍሬ ወተት ሲይዝ ማጨድ ነው፤ ለድንበርና ለእርከን ደግሞ ደሾ ሣር።

16. አሥራ ስድስተኛው የ14ኛው ምክር ቢሠራም ላሟ ካላረገዘች ከንቱ ነው አለ። በሰው ሠራሽ ማዳቀል ላይ የሚጠፋውን ዘረዘረ። አባለዘሩ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅኑ ዝቅ ብሎ ካደረ አባለዘሩ ይሞታል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይም። ማሟሟቱ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውኃ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ነው፤ እጅ ውስጥ ማሸት ወይም ኪስ ውስጥ ይዞ መምጣት ያበላሸዋል። አርቢው በበኩሉ የሚያጠፋው ጊዜውን ነው። ሌላ ላም ስትወጣባት ቆማ የምትጠብቅ ላም በጠዋት ከታየች ማታ፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። በመብራት እጦት ወይም በመንገድ ርቀት ባለሙያው ሲዘገይ የሚያልፈው 21 ቀን ወተት የሌለበት ግሳት ነው። ሁለተኛዋ ጸሐፊ ያሰፋችው ቁጥር የሚመጣው ከዚህ መሆኑንም ጠቆመ።

17. ከሚኒሶታ የጻፈው አሥራ ሰባተኛው ስለ ሰዎች አመለካከት ወደ ነበረው ጥያቄዬ መለሰን። የአሜሪካ ወተት እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 2007 ድረስ በሊትር የሚያወጣው ጋዝ ከነበረው 37 በመቶ ብቻ እስኪሆን ወርዷል፤ በጥቂት ላም ብዙ ወተት ስለተገኘ። ያንን ያደረገው አርቢ ስለ አየር ንብረት አስቦ አልነበረም። በ2012 በመካከለኛው ምዕራብ የበቆሎ አምራቾች ላይ በተደረገ ጥናት 66 በመቶው የአየር ንብረቱ እየተለወጠ ነው ሲሉ፣ በዋናነት የሰው ሥራ ነው ያሉት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውጡን ማየትና ጥፋቱን መቀበል በሰው ልብ ውስጥ የተለያየ ቦታ አላቸው፤ ሚኒሶታም ሰላሌም ያው ነው አለ።

18. አሥራ ስምንተኛው ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ መሆኑን አነሳ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለዘመናት ይከማቻል። የከብቱ ቁጥር ካልጨመረ አዲሱ ሚቴን የድሮውን ይተካል እንጂ ሙቀቱን ብዙ አያንረውም፤ ስለዚህ 28 እጥፍ የሚለው ቁጥር አርቢውን ያለ አግባብ ያሳጣል ሲል ሞገተ።

19. አሥራ ዘጠነኛዋ የፊዚክሱን ነገር ተቀብላ መደምደሚያውን ነቀፈች። የኢትዮጵያ የቀንድ ከብት 70 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፤ ከ20 ዓመት በፊት ከነበረው በብዙ ጨምሯል፤ ባለበት የቆመ መንጋ የለንም። አጭር ዕድሜው የሚነግረን ሌላም ነገር አለ፤ ሚቴን ሲቀነስ ውጤቱ በአሥር ዓመት ውስጥ ይታያል። 6ኛው ጸሐፊ እዚህ መሐል ገብቶ ላም ያለውን ሰው ላም አትያዝ የሚል ሳይንስ አልሰማም አለ። እሷም ማንም እንዲያ እንዳላለ፣ ከአራት ያልታለበች ሁለት በደንብ የተያዘች ትሻላለች እንደተባለ፣ ያንንም ያለው የመኖ ዋጋ ራሱ እንደሆነ በጠነከረ ቃል መለሰችለት። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን የጻፈ አልነበረም።

20. ሃያኛው ክሩን በባዮጋዝ ቀሰቀሰው። ትኩስ እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ጋዙ የሚመረትበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል፤ 30 ኪሎ ቢገባ ምድጃው ለሦስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ለወጥና ለቡና ይበቃል፤ ለምጣድ ግን ይቸግራል፣ ብዙ ቤት ኩበት ያልተወውም ለዚህ ነው። የሚበላሸው አሸዋና ገለባ የተቀላቀለበት እበት ሲገባ፣ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ሳይወጣ ሲቀር፣ ቧንቧው ሲላላ ነው፤ ሳሙና አረፋ ቀብቶ መፈተሽ ይበቃል። ያልነደደ ጋዝ ያፈተለከ እንደሆነ የወጣው ያው ሚቴን ስለሆነ ለአየሩ ጉድጓዱ ባይሠራ ይሻል ነበር አለ።

21. ሃያ አንደኛዋ ከእስራኤል ጻፈች፤ ሙቀቱ ራሱ ወተቱን እንደሚቀንስ ማንም አላነሳም ብላ። እዚያ አንዲት ላም በዓመት 12,000 ሊትር ገደማ የምትሰጠው በረሃ ዳር ሆና ነው። ላሞቹ በቀን ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛሉ፤ ግማሽ ደቂቃ ውኃ፣ አራት ደቂቃ ተኩል ማራገቢያ፣ ይህ እየተደጋገመ ግማሽ ሰዓት።

22. ሃያ ሁለተኛው ውኃና መብራት በሌለበት ይህ አይነገርም ብሎ በአጭሩ ቆረጠ፤ በምትኩ ግን የሚቻለውን አስቀመጠ። ቆርቆሮው ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ ይበል፣ ከሥሩ ሣር ወይም ቀርከሃ ይነጠፍበት፣ ጣሪያው አናት ላይ አየር መውጫ ይተውለት። ውኃ ሌሊትም አይራቅ፤ 20 ሊትር የምትታለብ ላም በሞቃት ቀን እስከ 100 ሊትር ትጠጣለች። ፍሩሽካው ጠዋትና ማታ ይሰጥ፣ እኩለ ቀን ላይ አይደለም።

23. የመጨረሻዋ ጸሐፊ 4ኛውንና 6ኛውን አንድ ላይ መለሰች። ቁጥሩ የኛ አይደለም ማለት የሚቻለው የራስ ቁጥር ሲኖር ነው። አንድ ደብተር ይበቃል፤ በየቀኑ የታለበው ሊትር፣ የተዳቀለችበትና የወለደችበት ቀን፣ የተሰጣት መኖ በኪሎ፣ በወር አንዴ ደግሞ የደረት ዙሪያዋ በሴንቲሜትር። 5ኛዋ ጸሐፊ ደረጃ 2 ያለችው ስሌት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በየወተት መሰብሰቢያው ያሉ ማኅበራት ደብተሩን ቢያስይዙ ለካርቦን ገንዘብ ድርድርም፣ ለመኖ ብድርም የሚቀርበው ማስረጃ በአርቢው እጅ ይሆናል።

6ኛው ጸሐፊ ስለ ሳይንሱ ሐሳቡን እንዳልቀየረ ጽፎ አንድ ጥያቄ ብቻ አስከተለ፤ የደረት ዙሪያው በየት በኩል፣ መቼ ይለካል? መልሷ ይህ ነበር፦ ከፊት እግሮቿ ልክ ኋላ፣ ከሻኛዋ በስተጀርባ አዙሮ፣ ሜትሩ ሳይላላና ሳይጠብቅ፣ በአራቱም እግሯ እኩል በቆመችበት፣ ጠዋት ከመብላቷና ከመጠጣቷ በፊት። የደረት ዙሪያውን ወደ ክብደት የሚለውጠው ሠንጠረዥ ለአገርና ለድቅል ዝርያ የተለያየ ስለሆነ የትኛው እንደተወሰደ ደብተሩ ላይ ይጻፍ።